ሽምግልና ሲሰፋ ምን ይጎድለዋል? የፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ መንገድ ከነጆ እስከ ቃሊቲ

ሽምግልና ሲባል መጀመሪያ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ዛፍ ሥር የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባቶች፣ ድንበር ገፋህ አልገፋሁም የሚባባሉ ሁለት ገበሬዎች፣ ምናልባትም የተኳረፉ ባልና ሚስት፤ አይደል? እስቲ አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። ከተጣሉት አንዱ መንግሥት ቢሆንስ? ሌላው ደግሞ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ቢሆንስ? በመሃላቸው ማን ይቀመጣል? ታረቁ ቢባልስ ዕርቁ እንዳይፈርስ ማን ይጠብቀዋል?

ይህ የምናብ ጥያቄ አይደለም። በአገራችን ተሞክሯል። ከሞከሩት ሰዎች በስም ቀድመው የሚጠሩት ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ናቸው። ታሪካቸውን የማነሳላችሁ ለማሞገስ ብቻ አይደለም። የሠሩትን ሥራ ልክ እንደ አንድ ማሽን ከፍተን፣ የትኛው ክፍሉ እንደሠራና የትኛው እንደላላ እንድናይ ነው። (ዓመቶቹ ላይ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የነጆው ልጅ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በነቀምት በኩል ወደ አሶሳ በመኪና የሄደ ሰው ነጆን ያውቃታል። ከጊምቢ ቀጥላ፣ መንዲ ሳይደረስ የምትገኝ የምዕራብ ወለጋ ከተማ ናት። ኤፍሬም ይስሐቅ የተወለዱት እዚያ ነው፤ በ1928፣ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር በወደቀችበት ዓመት። አባታቸው ከየመን የመጡ አይሁዳዊ፣ እናታቸው ደግሞ ኦሮሞ ናቸው። እንግዲህ ልጁ ገና ቤቱ ውስጥ እያለ ከአንድ በላይ ቋንቋና ከአንድ በላይ ወግ ነበረው ማለት ነው።

ለትምህርት አሜሪካ ሄደው ሚኒሶታ በሚገኘው ኮንኮርዲያ ኮሌጅ ሦስት ነገር አብረው ተማሩ፦ ፍልስፍና፣ ኬሚስትሪና ሙዚቃ። (እኛ «ማኅበራዊ ሳይንስ ነህ ወይስ ተፈጥሮ ሳይንስ?» ተብለን በአሥራ አንደኛ ክፍል ለተለያየነው ይህ ትንሽ ያስቀናል።) ከዚያ ወደ ሃርቫርድ ተሻግረው በ1963 እ.ኤ.አ. የሥነ መለኮት ዲግሪ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ጥንታዊ ቋንቋዎች ዶክትሬት አገኙ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመምራትም ሠርተዋል። ሰውየው የብራና ሰው ቢሆኑም ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብም ጊዜ ነበራቸው።

በ1969 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ክፍል ሲከፍት የመጀመሪያው መምህር ሆነው የተቀጠሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በአፍሪካ ጥናት ለሚበልጡ ተማሪዎች የሚሰጠው አንድ ሽልማት በስማቸው ይጠራል። ሆኖም ቋሚ ፕሮፌሰርነት ሲከለከሉ «አድልዎ ተፈጽሞብኛል» ብለው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ፤ ክርክሩ በ1985 እ.ኤ.አ. ቦስተን እስከሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሷል። ይህን ያዙልኝ። የዕርቅ ሰው ማለት ሁሉን ነገር «ይቅር፣ ተወው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ማለት አይደለም። ኤፍሬም መብታቸው ሲነካ ፍርድ ቤት የቆሙ ሰው ናቸው።

የብራና ሥራና የሽምግልና ሥራ

የምሁርነት ትልቁ ሥራቸው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ ጥንታዊ መጽሐፍ ቁርጥራጩ በሌሎች ቋንቋዎች ቢገኝም፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተሟልቶ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ፕሮፌሰር ኤፍሬም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዋናነት የተጠቀሙበት ብራና በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የተጻፈ፣ በጣና ሐይቅ ክብራን ደሴት ገዳም የተጠበቀ ነው። ጣናና ፓዌ ዛሬ በውኃ የተያያዙ መሆናቸውን ታውቃላችሁ? ከ2002 ጀምሮ የጣና ውኃ በዋሻ ተጉዞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ካዞረ በኋላ ወደ በለስ ይገባል፤ በለስም በእኛ በኩል አልፎ ዓባይን ይቀላቀላል።

ወደ ብራናው እንመለስ። የጥንት መጽሐፍ የሚያጠና ሰው በአንድ ቅጂ አይፈርድም። ጸሐፊው ቃል ዘሎ ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ የመሰለውን ጨምሮ ይሆናል። ስለዚህ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ያነብባል፣ ያመሳክራል፣ የሚለያዩበትን ቦታ ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ይህ ይመስላል» የሚለው። ሽማግሌስ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይሰማል፣ ቃላቸውን ያመሳክራል፣ ማን ምን እንደጨመረና ማን ምን እንደደበቀ ይለያል። እኔ ሁለቱን ሥራዎች ዘመዳሞች ሆነው ነው የማያቸው።

«ፈላስፋ» የሚለውን ቃልም እዚህ ላይ ብናስተካክለው ጥሩ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰውና መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን የተባለው መጽሐፍ የጥበበኞች ምክር ስብስብ ነው። በእኛ ባህል ፈላስፋ ማለት ሰው ከሰው ጋር እንዴት መኖር እንዳለበት የሚመክር ማለትም ነው። ፕሮፌሰር ኤፍሬም በዚህ ትርጉም ፈላስፋ ቢባሉ ማንም አይከራከርም።

ከዛፉ ሥር ወደ ቤተ መንግሥት

በ1989 እ.ኤ.አ. አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ሳለ፣ በውጭ የሚኖሩ ምሁራንና ሽማግሌዎች ተሰባስበው የሰላም ኮሚቴ አቋቋሙ። መሪው ፕሮፌሰር ኤፍሬም ነበሩ። ሥራቸው ከመንግሥትም ከታጠቁት ድርጅቶችም ጋር መነጋገር፣ «እናንተ ሳትተዋወቁ የምትዋጉ ወንድማማቾች ናችሁ» ብሎ ማቀራረብ ነበር። ጦርነቱን በግንቦት 1983 የቋጨው በመጨረሻ የጦር ሜዳ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኮሚቴው ግን አልተበተነም። አዲስ አበባ ላይ የሰላምና ልማት ማዕከል ሆኖ ቀጠለ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከ1997 ምርጫ በኋላ ነው። በውጤቱ ላይ በተነሳው ግጭት፣ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። ዓቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 9 ቀን 1999 በብዙዎቹ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 13፣ 38 ሰዎች በይቅርታ ተፈቱ።

በአራት ቀን የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌዎቹ፣ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ፣ በቃሊቲ እስር ቤትና በመንግሥት ቢሮ መካከል ለብዙ ወራት ሲመላለሱ ነበር። እስረኞቹ ኃላፊነት የሚቀበሉበትንና ይቅርታ የሚጠይቁበትን ደብዳቤ ፈረሙ፤ መንግሥት ይቅርታውን ሰጠ። ፍርድ ቤት ያልፈታው፣ ዲፕሎማሲም ያልፈታው ቋጠሮ በሽምግልና ተፈታ።

ታዲያ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም። ከተፈቱት አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2001 መጀመሪያ ላይ ስዊድን ሄደው ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ ተናገሩ። መንግሥት «ይቅርታ አልጠየቅኩም ብለሻል» በሚል በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ይቅርታውን ሰርዞ መልሶ አሰራቸው። የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰ። እስከ መስከረም 2003 ቃሊቲ ቆዩ። (በኋላ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት እሳቸው ናቸው።)

የተሰበረው የቱ ክፍል ነው?

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲሰበር «የማን ጥፋት ነው?» ከማለት በፊት «የቱ ክፍል ነው የተሰበረው?» ይባላል። እስቲ ሽምግልናን እንዲሁ እንፍታው። በገጠር የሚደረግ ጠንካራ ዕርቅ ቢያንስ አምስት ክፍል አለው፦ ለየብቻ መስማት፣ ጥፋትን ማመን፣ ካሳ፣ በሰው ፊት መታረቅና ዋስ።

በ1999 የመጀመሪያው ክፍል በደንብ ተሠርቷል። ሁለተኛው በደብዳቤው ተሞክሯል፤ ግን ጥፋቱን ያመነው አንዱ ወገን ብቻ ነበር። ካሳውስ? የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ከዕርቁ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበሩም። በሰው ፊት መታረቅም አልነበረም። ስምምነቱ በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ በሽማግሌዎቹ ፊት የተባለው፣ ሌላው በሕግ ወረቀት ላይ የሰፈረው። ብርቱካን የመጀመሪያውን አስታወሱ፤ መንግሥት ሁለተኛውን አነሳ።

ዋስ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። መንደር ውስጥ ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ዋሱን ያሳፍራል፣ ዋሱ ይቆጣል፣ ዕድሩም ጎረቤቱም ፊት ይነሳዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ክብር እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። ጠንካራው ወገን ቃሉን ቢያጥፍ የሚይዘው እጅ አልነበረም።

ለምን ይህ ሆነ? ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ያስረዳው አንድ ነገር አለ። አንድ ጎጆ ቤት ቅርጹን ሳትቀይሩ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብታሳድጉት፣ የምሰሶው ወፍረት ስፋት 4 እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን 8 እጥፍ። ማለትም ምሰሶው የሚችለው 4 እጥፍ፣ የሚሸከመው ግን 8 እጥፍ። እያሳደጋችሁ ከሄዳችሁ አንድ ቀን ጎጆው በራሱ ክብደት ይወድቃል። ጎጆው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ትልቅ ቤት ሌላ ምሰሶ ስለሚፈልግ ነው። ሽምግልናም እንዲሁ ነው። ከመንደር ወደ አገር ሲያድግ ሽማግሌዎቹን ታዋቂ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ዋሱም አብሮ ማደግ አለበት። በአገር ደረጃ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ነፃ ፍርድ ቤት፣ ለሕዝብ ግልጽ የሆነ የስምምነት ቃልና ምስክር ነው።

ይህ የፕሮፌሰር ኤፍሬምን ሥራ አያሳንሰውም። 38 ሰዎች ወደ ቤታቸው ገብተዋል። እኛም የጎደለው ምን እንደሆነ ያየነው እነሱ ስለሞከሩት ነው።

ይህ ለፓዌ ምን ያደርግላታል?

ፓዌ መንደሮቿ በቁጥር የሚጠሩ ወረዳ ናት። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከደቡብና ከሌላም ቦታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጥተው ሰፈሩ፤ መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፣ የጉሙዝ ነበር። ያ ቁስል በቅጡ ሳይታከም ብዙ ዓመት አለፈ። ከ2011 በኋላ መተከል ምን እንዳየ ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ «የዕርቅ ኮንፈረንስ» የሚል ባነር የተሰቀለበትን አዳራሽ ያላየ የመተከል ወጣት ጥቂት ነው።

አምስቱን ክፍሎች ይዛችሁ እዚያ አዳራሽ ግቡ። ሁሉም ወገን ለየብቻ ተሰምቷል? ጥፋት ያመነ አለ? ቤቱ የተቃጠለበትና ልጁ የሞተበት ሰው ካሳ አግኝቷል? ከወረደው ካሜራና ከተበላው ምሳ በኋላ ዋሱ ማን ነው?

ደግሞ መተከል መልሱን ከሩቅ መፈለግ የለበትም። ጉሙዞችና ጎረቤቶቻቸው ሚቹ የሚባል የወዳጅነት ሥርዓት አላቸው፤ ተመራማሪዎችም ጽፈውበታል። ከሌላ ወገን የሆነ አንድ ሰው ሚቹህ ከሆነ፣ የሱ ደኅንነት ያንተ ኃላፊነት ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ዋስ ከመጀመሪያው ተሠርቶ ገብቷል። አንድ ትልቅ ምሰሶ ሳይሆን በየቤቱ የቆሙ ብዙ ትንንሽ ምሰሶዎች ናቸው። ትልቁን ቤት የሚሸከሙት ምናልባት እነሱና ሕጉ አንድ ላይ ሲቆሙ ነው።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በአካባቢያችሁ ሽምግልና የሚቀመጡ አባት ወይም እናት ፈልጋችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «በእናንተ ዕርቅ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ዕርቁን ያፈረሰ ሰውስ ምን ይደርስበታል?» ቋንቋቸው ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ አገውኛ፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ቢሆን መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉት። ፕሮፌሰር ኤፍሬም እንዳደረጉት አንዱን ቅጂ ከሌላው አመሳክሩ። ቀጣዩን ዕርቅ የሚሠሩት ሰዎች ያንን ወረቀት ይፈልጉታል።