የገብረ ክርስቶስ ደስታ ኤግዚቢሽንና የተመልካች ጥያቄ

የአገራችን ተመልካች በሥዕል ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ማን ነው?» ወይም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋውን ያየ ሁሉ፥ ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፥ ስም ሊሰጠው በማይችል የቀለምና የቅርጽ ድርድር ፊት የቆመው ተመልካች ግራ ቢጋባ አያስደንቅም።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው፥ የብራና መጽሐፍ ጸሐፊና ሠዓሊ ስለ ነበሩ፥ ብዕርና ቀለም ሲሠራበት እያየ አደገ። ኋላም ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥዕልን ተማረ። ካንዲንስኪን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ከ1910 ገደማ ጀምሮ ያስፋፉት፥ «ሥዕል የሚታየውን ነገር የመምሰል ግዴታ የለበትም» የሚለው አሳብ በዚያ አገር ሥር ሰዶ ቆይቷል። በ1962 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

በ1963 ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ «ጎልጎታ» ይባላል። የስቅለትን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ በቀድሞው ሥዕል እመቤታችንና ዮሐንስ በግራና በቀኝ ቆመው እናያለን። በዚህኛው ግን የተሰቀለው አካል ዝርዝር መልኩ ጠፍቶ፥ ደም የመሰለው ቀይ ቀለም ብቻውን ይጮኻል። ሠዓሊው ታሪኩን አልሻረም፤ ከታሪኩ ውስጥ ሕመሙን ለይቶ አወጣው።

በዚያን ዘመን «ይህ አሠራር የባዕድ ነው» የሚል ወቀሳ ተነሣ። ትምህርቱ ከውጭ መምጣቱን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎቻችንስ ዓይን ያየውን ብቻ ይገለብጡ ኖሯልን? ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ኃጥኡን ግን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ሲሥሉ፥ ከሚታየው መልክ ይልቅ የማይታየውን ፍርድ መግለጻቸው ነበር። በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለውን ሐረግም «የምን ምስል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሐረግና ረቂቅ ሥዕል አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ሐረግ የመጽሐፍ ጌጥ ነው፥ የገብረ ክርስቶስ ሥዕል ግን ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ሆኖም ዓይናችን ለእንዲህ ያለው ነገር ጨርሶ እንግዳ አልነበረም እንላለን።

ደግሞም ሠዓሊው ከሕዝቡ አልራቀም። ከረቂቆቹ ጎን ለጎን ችግረኛውን ሰው ይሥል ነበር፤ በአማርኛ ግጥሞቹም ታውቋል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው። የሆነ ሆኖ ሽልማት ዕድሜን አያረጋጋም፤ በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት፥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። በስሙ የተጠራው ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ2008 ነው። ባለቤቱ ካረፈ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን የምናወሳው ያለፈውን ተመልካች ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም በዚያ ብንኖር ያንኑ በጠየቅን ነበር። ነገር ግን ዛሬም በየኤግዚቢሽኑ የማናውቀውን መልክ የሚያሳዩን ወጣት ሠዓሊዎች አሉ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለን መልስ ስናጣ ፊታችንን ከማዞራችን በፊት፥ ጥቂት ቆመን «ይህስ በልባችን ምን አሳደረ?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። ሠዓሊ ካረፈ በኋላ የሚሠራለት ቤት ለእኛ ይጠቅመናል፤ ለእርሱ ግን የሚጠቅመው በሕይወቱ ሳለ በሥዕሉ ፊት ታግሦ የቆመለት ሰው ነው።