ነፍሰ ጡር ሴት የሻፓዓት ክትባት ትውሰድ ወይስ ትተው? ከመወሰን በፊት ማወቅ የሚገባን

የሱኮት በዓል አልፎ ብርዱ ወደ ቤር ሼቫ ሲቃረብ ቁፓት ሆሊሞች የሻፓዓት ክትባት መስጠት ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ በሽኩና ሄም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ልጃችን ትከተብ ወይስ ይቅርባት? ጽንሱን ቢነካውስ?» ልጅ ወይም ምራት የምትጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ እናቷን ወይም አማቷን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን ምክር ለምትጠየቁት ለእናቶች፣ ለአባቶችና ለአያቶች ነው።

ጉንፋንና ሻፓዓት አንድ አይደሉም

በአማርኛ ሁሉንም «ጉንፋን» ስለምንለው ነገሩ ይደባለቅብናል። አፍንጫ የሚያፈስና ጉሮሮ የሚከረክር፣ በጥቂት ቀን የሚለቅ በሽታ አለ። ዕብራይስጡ ይህን «ሂትቃረሩት» ይለዋል። ሐኪሞች ኢንፍሉዌንዛ፣ በዕብራይስጥ ደግሞ «ሻፓዓት» የሚሉት ግን ሌላ ነው። በድንገት ይጀምራል፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያመጣል፣ አጥንትና ጡንቻ ይቆረጥማል፣ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። አንዳንዴም ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ይሆናል። ክትባቱ የሚሰጠው ለዚህኛው ነው። ተከትባ አፍንጫዋ ቢፈስ «ክትባቱ አልሠራም» ማለት አይደለም፤ ተራውን ጉንፋን አይከለክልምና።

ሻፓዓት ምን ማድረግ እንደሚችል የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1918) ኢትዮጵያ የገባው «የኅዳር በሽታ» ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ መቅሠፍት ማስታወሻ ነው።

ነፍሰ ጡርን ለምን ይበረታባታል?

በእርግዝና ጊዜ የሴቲቱ ልብ ከወትሮው በላይ ይሠራል። ማኅፀኗ እያደገ ሲሄድ ሳንባዋን ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋው መተንፈሻዋ ይጠባል። በሽታ የሚከላከለው የሰውነቷ ኃይልም ጽንሱን እንደ ባዕድ እንዳይዋጋው ሲል አሠራሩን ይለውጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሻፓዓት ሲጨመር ሌላዋን ሴት ለአንድ ሳምንት የሚያስተኛው በሽታ ነፍሰ ጡሯን ሆስፒታል ሊያስገባት ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንሱም ጥሩ አይደለም።

ይህ በግልጽ የታየው በ2009 ነው። በዚያ ዓመት «የአሳማ ጉንፋን» የተባለ አዲስ ዓይነት ሻፓዓት ተነሣ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሰኔ 11 ቀን በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ። በአሜሪካ ከሕዝቡ መካከል ነፍሰ ጡሮች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ከሞቱት ሰዎች መካከል ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ።

አዲሱ ክትባትና የተነሣው ፍርሃት

ለአዲሱ በሽታ በ2009 መጨረሻ አዲስ ክትባት ደረሰ። «በጥቂት ወር የተሠራ መድኃኒት እንዴት ይታመናል?» የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ተነሣ። ስሙም አስቸገረ፤ በእስራኤል የዚያን ጊዜው ምክትል የጤና ሚኒስትር ያዕቆብ ሊትዝማን በአሳማ ፈንታ «የሜክሲኮ ጉንፋን» ይባል ብለው ነበር። ስሙ የመጣው ቫይረሱ ከአሳማ ወገን በመነሣቱ እንጂ ክትባቱ ከአሳማ ስለተሠራ አይደለም። አብዛኛው የሻፓዓት ክትባት ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ በማሳደግ የሚዘጋጅ ነው።

ስጋቱ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ፓንደምሪክስ ከተባለው የ2009 ክትባት በኋላ በፊንላንድና በስዊድን አንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ናርኮሌፕሲ በሚባል የእንቅልፍ በሽታ ተይዘዋል። ይህ ታወቀ፣ ተጠና፣ በአደባባይም ተነገረ።

ስለ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ በኖርዌይ ከ117,000 በላይ እርግዝናዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2013 ታተመ። በእርግዝናቸው በተከተቡት ሴቶች ዘንድ የጽንስ ሞት አልጨመረም። በሻፓዓት በታመሙት ዘንድ ግን የጽንስ ሞት ወደ እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚፈራው መርፌው ሳይሆን በሽታው ሆኖ ታየ ማለት ነው።

የዛሬው ክትባት ምንድን ነው?

የ2009ኙ ቫይረስ ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በሚሰጠው መደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቷል። ሻፓዓት መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ በየካቲት ወር ለሰሜኑ የዓለም ክፍል በሚቀጥለው ክረምት የትኞቹ ዓይነቶች በክትባቱ ይግቡ የሚለውን ይመክራል። ስለዚህ ክትባቱ «አዲስ» የሚባለው ይዘቱ ስለሚታደስ ነው፤ አሠራሩ ግን የቆየ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ክትባት ከ1940ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል።

ለነፍሰ ጡር በክንድ የሚሰጠው መርፌ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም። ስለዚህ ሻፓዓት ሊያሲዛት አይችልም። በአፍንጫ የሚረጨው ሌላ ዓይነት ክትባት ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ይህን መለየት ያስፈልጋል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው?

ክትባቱ ፍጹም መከላከያ አይደለም። በእስራኤል፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ከ2010 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ እርግዝናዎችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። ክትባቱ ነፍሰ ጡሮች በሻፓዓት ሆስፒታል የሚገቡበትን አጋጣሚ በ40 ከመቶ ቀነሰ። አሥር ሴቶች ሊተኙ የነበረበት ቦታ ስድስት ተኙ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ለሕፃኑ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን የሻፓዓት ክትባት አይሰጠውም። እናቱ በእርግዝና ከተከተበች ግን ሰውነቷ የሠራው የበሽታ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ልጁም ስንቁን ይዞ ይወለዳል። በባንግላዴሽ 340 እናቶች የተሳተፉበት፣ በ2008 የታተመ ጥናት የተከተቡት እናቶች ሕፃናት በሻፓዓት የመያዝ ዕድላቸው በ63 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በ2014 የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናትም በእናቶቹም በሕፃናቱም ላይ በሽታውን በግማሽ ያህል መቀነሱን አገኘ።

ጉዳቱስ?

የተለመደው የክንድ መቁሰል፣ መቅላት፣ አንድ ሁለት ቀን የሚቆይ ድካምና ቀላል ትኩሳት ነው። ከባድ አለርጂ እጅግ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ከተከተቡ በኋላ ጥቂት ጊዜ እዚያው መቀመጥ ይመከራል። ጊላን ባሬ የሚባል ነርቭን የሚያደክም በሽታ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ተከታቢ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል። ይኸው በሽታ በሻፓዓት ምክንያትም ይመጣል።

«ጽንስ ያስጨነግፋል» የሚለው ወሬ በከፊል መነሻ አለው። በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሁለት ዓመት በተከታታይ በተከተቡ ሴቶች ላይ ከጽንስ መጨንገፍ ጋር ግንኙነት ያለ መስሎ አገኘ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ምክንያትና ውጤት መሆኑን አያረጋግጥም አሉ። ከዚያም ብዙ ሴቶችን ጨምረው ሦስት የክረምት ወቅቶችን መረመሩ፤ በ2019 የታተመው ይህ ሰፊ ጥናት ግንኙነት የለም ብሎ ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2012 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ እንዲያገኙ ይመክራል።

ቀደም ሲል በዚህ ክትባት ከባድ አለርጂ የደረሰባት፣ ጊላን ባሬ ይዟት የሚያውቅ ወይም በዚያን ቀን ከፍተኛ ትኩሳት ያላት ሴት ከመከተቧ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

«መርፌ» ሲባል ለምን እንሰጋለን?

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስጋቱ ከሳይንሱ ብቻ አይመጣም። በ1996 የለገስነው ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲታወቅ ብዙ ሺህ ሰዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኸዋል። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ በደንብ ሳይገለጽልን ተሰጠን ብለው በእስራኤል ቴሌቪዥን ተናገሩ። ክትባት ነው ተባልን ያሉም ነበሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ሴቲቱ ትርጉሙን መረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ መርፌው እንዳይታደስ ለቁፓት ሆሊሞች መመሪያ ሰጠ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶች ተገደው ስለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ከብዙዎች ልብ አልወጣም።

ይህን የሚያስታውስ ሰው «ምንድን ነው የምትወጓት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዴፖ ፕሮቬራ እርግዝና ለመከላከል በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ ነው፤ የሻፓዓት ክትባት ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሆኖ ከመውለድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሆኖም ጥርጣሬን የሚያጠፋው በምትረዱት ቋንቋ የተሰጠ መልስ እንጂ «እመኑን» መባል ብቻ አይደለም። በእስራኤል ክትባት በግዴታ አይሰጥም። በ1996 የወጣው የበሽተኞች መብት ሕግ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው በሚገባው መንገድ ተገልጾለት ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ከመወጋቷ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ሳጥኑን ማየት እንችላለን?
ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው፣ ሕያው ቫይረስ የሌለበት ነው?
እርግዝናዋ ስንት ሳምንት እንደሆነና ያለባትን አለርጂ አይታችኋል?
ከተወጋች በኋላ ምን ሊሰማት ይችላል? ካስፈለገን ለማን እንደውል?

በሽኩና ሄ የት፣ መቼ?

ክትባቱ ለክላሊት፣ ለማካቢ፣ ለሜውሐዴትና ለሌውሚት አባላት በነፃ ይሰጣል። የአባልነት ካርዷን ይዛ ወደ ቁፓዋ ክሊኒክ ነርስ ዘንድ መሄድ ወይም አስቀድሞ ደውሎ ሰዓቱን መጠየቅ ይበቃል። አማርኛ ተናጋሪ «መጋሸሬት» ባለችበት ክሊኒክ እሷ እንድትገኝ ጠይቁ፤ ከሌለች በስልክ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ንገሯቸው። ትንንሽ ልጆችን ለእንዲህ ያለ ነገር አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። የጤና ሚኒስቴር የጥያቄ መስመር *5400 ነው፤ ስትደውሉ በአማርኛ የሚያነጋግር ሰው ጠይቁ።

ክትባቱ በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሰጥ ይችላል። ኃይሉን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሲግድን ለማክበር ብዙ ሺህ ሰው በሚሰበሰብበት ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ያሰበች ነፍሰ ጡር ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትከተብ መልካም ነው። ያመለጣትም ሴት በክረምቱ ውስጥ ብትከተብ ይጠቅማታል። የትክትክ ክትባት ደግሞ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው

በጎንደር መንደሮቻችን አራስ ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ሥርዓቱ የንጽሕና ሕግ ቢሆንም ሕፃኑን ከሰው ብዛት ያርቀው ነበር። ዛሬ በአፓርታማ ውስጥ ዘመድ ሁሉ መጥቶ ሕፃኑን ይስማል። ስለዚህ የሚያስል ሰው ጥየቃውን ያቆይ። አያቶችም ተከተቡ፤ 65 ዓመት ያለፋችሁ እናንተም ሻፓዓት ከሚበረታባቸው ሰዎች ውስጥ ናችሁ።

ነፍሰ ጡሯ ብትታመም «ምች ነው» ብሎ ጤና አዳም ማጠጣት አይገባም፤ ጤና አዳም ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ትኩስ ውኃ በማርና በሎሚ ይበቃል። ትኩሳት ከያዛት ለሐኪሟ በዚያው ቀን ደውሉ። ታሚፍሉ የተባለው መድኃኒት ሐኪም ካዘዘላት ይበልጥ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። መተንፈስ ካቃታት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ግራ ከገባት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳትዘገዩ ወደ ሶሮቃ ሆስፒታል ውሰዷት፤ አምቡላንስ ካስፈለገ 101 ደውሉ።

ውሳኔው የራሷ ነው። እሷን ማስገደድም ሆነ ማስፈራራት አይገባም። የእናት ወይም የአማት ድርሻ አብራት ሄዳ ጥያቄዋ ሁሉ በሚገባት ቋንቋ እስኪመለስ ድረስ ከጎኗ መቀመጥ ነው።