ዕውቀት ከመምህር እጅ

በወሎ ምድር እንደ ጀማ ንጉሥ፥ እንደ ዳና፥ እንደ ጌታና እንደ ሾንኬ ያሉ ስፍራዎች ለብዙ ዘመን የእስልምና ትምህርት ምንጮች ሆነው ኖረዋል። ወደነዚህ ስፍራዎች ዕውቀት ፈልጎ የሚሄደው ተማሪ ደረሳ ይባላል። ደረሳ ከወላጆቹ ተለይቶ፥ ስንቁን ተሸክሞ፥ በእግሩ ተጉዞ ከሼሁ ደጅ ይደርሳል። በመጀመሪያ ቁርኣኑን በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፈ፥ ያጠናውን እያጠበ፥ እንደገና እየጻፈ ይማራል። ከዚያ በኋላ ወደ ኪታብ ይገባል፤ የዐረብኛውን ሰዋስው ከአጅሩሚያ፥ ሕጉን ከሚንሃጅ፥ ትርጓሜውን ከጀላለይን ይማራል። ይህም ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ነገር ግን ሼሁ የሚመለከቱት የቃል ጥናቱን ብቻ አይደለም። ደረሳው ሲቆጣ እንዴት እንደሚሆን፥ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚኖር ያያሉ። ኢጃዛ የሚሉትን ፈቃድ የሚሰጡትም ይህን ሁሉ አይተው ነው።

በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በታዘዙ ጊዜ ከተቃወሙት አንዱ ሼህ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር ነበሩ። እርሳቸውም ጦር አንሥተው ነበር። ዳሩ ግን ለትውልድ የተረፈው ጦራቸው ሳይሆን፥ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ እንዲማርበት በአማርኛ የደረሱት መንዙማ ነው። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተተረጎመው የአማርኛ ቁርኣን ታተመ።

ዛሬ ሉሁም፥ ኪታቡም፥ ሼሁም በእጅ ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ይህ በራሱ በጎ ነገር ነው፤ ቀድሞ ረጅም መንገድ ያስኬድ የነበረውን ኪታብ በጥርባ ወይም በዳንግላ የሚኖር ወጣት ከቤቱ ሳይወጣ ያነበዋል። ሆኖም ስልክ የተማሪውን ፊት አያይም፤ ቁጣውን አይገሥጽም፤ «ገና ነህ፥ ቆይ» አይለውም። ስለዚህ የሁለት ደቂቃ ንግግር የሰማ ሁሉ ፈራጅ ሆኖ ጎረቤቱን ለመኰነን ይነሣል፤ ተናጋሪው ከማን እንደ ተማረ ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህ በሽታ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በጎጃም፥ በሞጣ ከተማ፥ በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ ተብሎ በተወራ ጊዜ የተቆጡ ሰዎች መስጊዶችንና የሙስሊሞችን ሱቆች አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ግን ክርስቲያኖችም ከሙስሊም ወገኖቻቸው ጋር አዝነው መልሶ ለማሠሪያ አዋጡ። ለማቃጠል የአንድ ቀን ወሬ በቃ፤ ለመሥራት ግን ብዙ ሰውና ብዙ ጊዜ አስፈለገ።

የእስልምና ሊቃውንት ወሰጢያ የሚሉት መካከለኛነት የእምነት መላላት አይደለም፤ የቃልን ክብደት ማወቅ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በስልክህ አንድ ቃል በደረሰህ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ማን ተናገረው? ከማን ተማረው? እኔስ ባስተላልፈው በማን ቤት ላይ ይወድቃል? መልሱን ካጣህ ወደ መምህርህ ሂድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።