በንፋስ ከተማ ማሽን በሙቀት ሲሞት



ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከንፋስ መውጫ ደወለልኝ። አሁን የመሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሆኗል። «ቲቸር፣ አዲስ ራክና ስዊች መጥቶልናል። አለቃዬ ግን እስቶር ውስጥ ይግባ እያሉ ነው። ምን ብዬ ላስረዳቸው?» አለኝ። እስቶሩ ውስጥ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ፤ የተሰባበረ ወንበር፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የአሥር ዓመት መዝገብ። ኮርኒሱ ደግሞ ክረምት ክረምት ያፈሳል።

በስልክ የነገርኩት አጭር ነበር፤ ጨዋታው ረዘም ስለሚል እዚህ ላምጣው። የታሪክ መምህር ስለ ራክ ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ ታገሡኝ፣ አግብቶኝ ያውቃል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የተዘረጋው በዚያው ዘመን ነው። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ፈሩ የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ሽቦው እናወራለን፣ ስለ ምሰሶው እናወራለን፤ ማሽኑ ስላረፈበት ክፍል ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ክፍሉ ግን ትልቅ ነገር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተቋቋመ በኋላ ስልክ ቀስ በቀስ ወደ ትናንሽ ከተሞች ወጣ። በልጅነቴ የማስታውሰው የስልክ ቤት ከከተማው ቤት ሁሉ ንጹሕ ነበር። ወለሉ ሊሾ፣ መስኮቱ ባለ መስታወት። ደዋዩ ሕዝብ ከባንኮኒው ወዲህ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ከሠራተኛው በቀር ማንም አይገባም። ያኔ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሙያ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆን ይህን የተማሩት በአንድ ቀን አይደለም። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ዘዴ ሲነድፍ ለሰው ምቾት ብሎ አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠና እየተኮማተረ ቀለም ስላስቸገረው ነው። በ1940ዎቹ የተሠራው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተርም 18 ሺህ ገደማ አምፖል መሰል ቱቦዎች ነበሩት፤ ሙቀቱን የሚያወጣ የራሱ የአየር መንፊያ ባይኖረው አንድ ቀንም ባልሠራ። ለዳታ ማዕከል ክፍሎች የተዘጋጀው ታዋቂው የአሜሪካ ደረጃ፣ ቲአይኤ 942 የሚሉት፣ የወጣው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ያ ዓመት ለእኛም ትልቅ ዓመት ነበር። ወረዳኔትና ስኩልኔት የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። በሳተላይት ዲሽ ወረዳዎች ከክልልና ከፌዴራል ጋር በምስል ሊሰበሰቡ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በፕላዝማ ሊማሩ። ያኔ የነበራችሁ ተማሪዎቼ ፕላዝማውን አትረሱትም መቼም። መምህሩ አምስት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ አይጠብቅ፣ አይደግም።

እኔ በዚያ ጊዜ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመቀበያው ክፍል ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ለምን ለታሪክ መምህር እንደተሰጠ እስካሁን አልገባኝም። ክፍል ስላችሁ የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ዲሹ ግቢው ውስጥ ተተከለ፣ ዕቃው እዚያች ክፍል ተደረደረ፣ ተጨበጨበ፣ ባለሙያዎቹ ሄዱ።

ዕቃው ሲግል ምን አደረግን? መስኮቱን ከፈትነዋ! ስሙ እንኳ ንፋስ መውጫ በሆነ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል አልን። ቻይናዎች በሠሩት በወረታ ወልድያ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር በጋ ላይ ይነሳ የነበረውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ንፋሱ ቀዝቃዛ አየር ብቻ አላመጣልንም፤ አቧራውንም፣ በክረምት ጉሙንም አመጣልን። የጠመኔው ብናኝ ሲጨመርበት የመሣሪያዎቹ ፋን እንደ በግ ፀጉር አበቀለ። ፋኑ ቆመ። እኛ ጋቢ ደርበን እየተንቀጠቀጥን ማሽኑ በሙቀት ሞተ። ከተረፈው ደግሞ ሰኔ ላይ ግማሹን መብረቅ ወሰደው፤ የዲሹ ኬብል በቀጥታ ገብቶ ነበር፣ መሬት የያዘ ነገር አልነበረም።

ጠጋኝ እስኪመጣ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት የነበሩት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸው ከሌላው አገር ልጅ እኩል ነበር። ያመለጣቸውን የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ማን መለሰላቸው? መንግሥትን ወይም አምራቹን ለመውቀስ አይደለም፤ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በኋላ ያወቅኩት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የከፍታ ወሰን ይጽፋሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ደጋ ስለሆንን ማሽን አይግልም ማለት ስህተት ነው፤ የውጭው ብርድ ራኩ ውስጥ አይገባም።

ለተማሪዬ የነገርኩት ይኼን ነው። መጀመሪያ ኮርኒሱን አስጠግን፤ ውኃ ቱቦ የሚያልፍበት ወይም ከመጸዳጃ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል እንዳትቀበል። ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ግድግዳው አቧራ የማያራግፍ ቀለም ይቀባ። መስኮቱ ይታሸግ፤ አየር ከታች በማጣሪያ ይግባ፣ ከላይ በፋን ይውጣ፣ ማጣሪያው ደግሞ በየወሩ ይራገፍ። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንዲት ርካሽ ቴርሞሜትር ስቀል። ራኩን ግድግዳ ላይ አትለጥፈው፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ቆሞ የሚሠራበት አንድ ሜትር ያህል ተው። መብራቱ የራሱ መስመርና የራሱ ቆጣሪ ማጥፊያ ይኑረው እንጂ ከሻይ ማፍያው ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን አይሁን። ዩፒኤስ ያለ መሬት ሽቦ እንዳትተማመንበት፤ ክረምት ሳይገባ መሬቱን አስለካ። የኬብል ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፣ አይጥ የኬብል ልባስ ትወዳለች። ዕቃው ሌሊት በብርድ ተጭኖ ከመጣ ደግሞ እንደገባ አትክፈተው፤ ሰው በሞላበት ሙቅ ክፍል ላዩ ላይ ጠል ያወርዳል። ካርቶኑ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይደር።

«አለቃዬ ብዙ ወጪ ነው ይሉኛል» አለኝ። የስዊቹን ዋጋና የሊሾውን ዋጋ በአንድ ወረቀት ጽፈህ አስፈርማቸው አልኩት።

ትናንት ማታ ፎቶ ልኮልኛል። ወንበሮቹ ወጥተዋል፣ መዝገቡ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል፣ ሁለት ሰዎች ኮርኒሱን እያወረዱ ነው። መስኮቱ ግን አሁንም ክፍት ነው። ደውዬ ነግሬዋለሁ።