ቄጤማን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስለ ማልማት

ቄጤማ ረግረግ የሚወድ፣ አገዳው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን የሆነ ለምለም ተክል ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ያድሉታል፤ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ይህም ርግቧ ለኖኅ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ያስታውሳል (ዘፍ. 8፥11)፤ ያ ቅጠል ግን የወይራ ነበር። ረግረጉ ሲታረስ ቄጤማውም ስለሚጠፋ፣ በቅጥር ግቢ ውኃ በሚያቁር ጥግ ማልማቱ ይበጃል።

በሰኔ ዝናብ አንዱን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ለሁለት ለሦስት ከፍሎ ፀሐይ ባለበት ጭቃማ አፈር መትከል ነው፤ ዘር መፈለግ አያሻም። ዋናው ድካም በበጋ ነው፤ ለትንሣኤ የሚፈለገው በደረቁ ወራት ማብቂያ ነውና በዐቢይ ጾም ሳምንታት አፈሩ እንዳይደርቅ ውኃ ይጠጣ። ሲታጨድም ከመሬት አራት ጣት ያህል ይተውለት፤ መልሶ ያቆጠቁጣል።