ጣፊያን በጣት፣ ደም ሥርን በድምፅ

በ1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በጥይት ሲቆስሉ፣ ጥይት ገላ ውስጥ የት እንደተቀበረ በምስል የሚያሳይ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ራጅ የተገኘው በ1888 ዓ.ም፣ በዓድዋው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን የጦር መኮንን ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱትን ወታደሮች ክንድ ኔፕልስ ላይ ራጅ አንስቶ ጥይት ፈልጓል። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ያቆሰለው የእኛ ጥይት ነው፤ ቁስሉን የሚያሳየው መሣሪያ ግን ወደ እኛ ቆላ የሚመጣበት መንገድ ገና ሩቅ ነበር።

ስለዚህ የቆላችንን ከተማ አብርሃ ጅራንና አካባቢዋን የለወጠው ታላቁ መሣሪያ ሳይሆን በሽተኛው ዘንድ የወረደው መሣሪያ ነው እላለሁ። ማስረጃዬ ጣፊያን የሚያሳብጠው ካላዛር የተባለው በሽታ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከደጋ ለሰሊጥ፣ ለጥጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርደው ሠራተኛ በዚህ በሽታ ሲያልቅ፣ የሐኪሙ መሣሪያ ጣቱ ነበር፦ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፋል፣ አየር ሲስብ ያበጠው ጣፊያ ከግራ ጎድኑ ሥር ወርዶ ጣትን ይገፋል። ወባም ጣፊያ ያሳብጣልና ጣት ብቻውን አይለይም። ከጣፊያ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይለያል፤ ግን ደም ሊያፈስ ይችላል፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ እጅም ይሻል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው የአርኬ39 ምርመራ ሲመጣ ነው ነገሩ የቀለለው።

የተጫነ ደም ሥርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሜይና ተርነር የተባሉ ሐኪሞች እንደገለጹት፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ወደ ቀኝ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ ከግራ እግር የሚመለሰውን ደም መልስ ከአከርካሪ ጋር ይጫነዋል፤ ደም ሊረጋ፣ የግራ እግርም ሊያብጥ ይችላል። ካላዛር፣ ወባና እባብ በሚገድሉበት አገር ይህን ማንሳት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ዳሌ ውስጥ ያለውን ጫና በደንብ ለማየት ሲቲ ስካን፣ ለማከምም ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ይህም ከአብርሃ ጅራ የሚጠበቅ አይደለም። የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ግን ለወላድም፣ እግሩ ላበጠ ሠራተኛም ያው አንድ መሣሪያ ነው። ባለሙያው የበሽተኛው ጭን ላይ መሣሪያውን አድርጎ ይጫናል፤ ጤነኛ ደም መልስ ጭምድድ ይላል፣ ደም የረጋበት አይጨመደድም። ያልተጨመደደበት ሰው የደም ማቅጠኛ ጀምሮ ወደ ጎንደር ይላካል፤ እግሩን ምች መታው ተብሎ ቤቱ አይቀርም።