በለምለም ምድር የከሳች እናት



መቱን፣ ኖፓን፣ ሁሩሙን የሚያውቅ ሰው «በዚህ አገር ማን ይራባል?» ቢል አይፈረድበትም። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ቡናው ከደኑ ሥር ይበቅላል፣ በየጓሮው ጎደሬ አለ። ይህ አስተሳሰብ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ ዋጋውን የከፈሉትም በተለይ የገጠር ነፍሰ ጡሮች ናቸው።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ ድርቅ ከመታቸው ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ አሰፈረ። ኢሉባቦርም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ዛሬ በየከተማችን «አያቴ ከወሎ ነው የመጣው» የሚል ወንድም የማይጠፋው በዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ለምለም መሬት ላይ የሰፈረ አይራብም። ብዙ ሰፋሪ ግን የጠበቀው ወባና የማያውቀው አፈር ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ እንውሰደው። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ እንዲህ ተቆረቆረች። የጎሬ ቡና ወደዚያ እየወረደ፣ በክረምቱ ሙላት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ተጫነ። በምላሹ ጨውና አቡጀዲ መጣ። ደኑ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። የቡና ገንዘብ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ በለቀማ ወራት ይመጣና ያልቃል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ነው፣ አዲሱ በቆሎ አልደረሰም፣ የእርሻ ሥራ ግን የሚበረታው ያኔ ነው። የምታርመው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትሸከመውም ያቺው እርጉዝ ናት። ገንዘቡ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ የሚያድረው በአባወራው ኪስ ነው።

ሳህኑ ላይ ደግሞ በቆሎና ጎደሬ አለ። ሆድ ይሞላሉ፤ ብረትና ፕሮቲን ግን እርጉዝ የምትፈልገውን ያህል የላቸውም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና ያለችውንም ብረት ሰውነት እንዳይወስዳት ያደርጋል (ቡናችንን መንካቴ አይክፋችሁ፤ ትንሽ ዘግየት ይበል ነው)። በብዙ የአገራችን ክፍል እርጉዝ እንቁላል ወይም ወተት ካበዛች ልጁ ይገዝፋል፣ ምጡ ይከብዳል የሚል ልማድ አለ። ይህን ዲን አላመጣውም። በረመዷን እንኳ ለራሷ ወይም ለጽንሷ የምትሰጋ እርጉዝ እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል፤ ዑለማዎች የተለያዩት ስለ ቀዷውና ስለ ፊድያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 30 በመቶው ከሚገባቸው በላይ ከስተው ተገኙ፤ በ2016 ቁጥሩ 22 በመቶ ሆነ። ብዙዋ ሴት ወደ እርግዝና የምትገባው ገና ከጅምሩ ጎድሎባት ነው ማለት ነው። በዚያው በ2016 ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው።

ያ የምንኮራበት ዝናብም ጣጣ አለው፤ አዮዲንን ከደጋው አፈር አጥቦ ይወስዳል። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲያንስ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲያንስ ደግሞ የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል። መፍትሔው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነበር። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ግን የአሰብ ጨው ቀረ፤ አዮዲን የሌለው የአፋር ጨው ገበያውን ያዘ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያም ሆኖ ጨው ክዳን በሌለው ዕቃ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ወይም ወጡ ገና ሲጣድ ከተጨመረ፣ አዮዲኑ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ከድነው ቢያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨምሩት ይሻላል።